የሮማውያን ሠርግ ለዛሬ፦ ቂጣው ወይስ ሰልፉ?

የጥንት ሮማውያንን ሠርግ ዛሬ መድገም ለሚፈልግ ሁለት ምርጫ አለ፦ የቂጣው ሥርዓት ወይም የችቦው ሰልፍ። የቂጣው ሥርዓት፣ ኮንፋሬያቲዮ፣ ሙሽሮቹ 10 ምስክሮች ባሉበት ፋር ከተባለ ጥንታዊ ስንዴ የተጋገረ ቂጣ የሚካፈሉበት ሥርዓት ነው። የበግ ለምድ የለበሱ ሁለት መቀመጫዎች ካሉ፣ ሥርዓቱ አዳራሽ ውስጥ ያልቃል። የፋር ሊጥ እንደ ዳቦ ስንዴ ኩፍ ስለማይል ስስ አድርጎ መጋገር ነው፤ ወፍራሙ ይደርቅና እንግዳ ፊት አልቆረስ ይላል።

የችቦው ሰልፍ ሙሽራዋን ባሏ ቤት ያደርሳል። ዋልነት የተባለው ባለ ቅርፊት ፍሬ ይበተናል፤ እሷ መቃኑን ዘይት ቀብታ ሱፍ ታስርበታለች፤ እንዳትደናቀፍም ተሸክመው ደፉን ያሻግሯታል። ትልቁ አደጋ እሳት መሳይ ቀለም ያለው ረጅሙ ሻሿ ነው፤ ነፋስ ወደ ችቦው ከወሰደው ይያያዛል፤ ስለዚህ ችቦው በባትሪ ይሁን። ዋልነቱም ደረጃ ላይ አይበተን፣ ያንሸራትታል።

ቂጣው በዋናነት የባላባቶቹ የፓትሪሺያኖች ወግ ነበር። ሰልፉ ግን ከዚያ በሰፊው የተለመደ በመሆኑ፣ ግቢና መንገድ ላለው ሰው ሰልፉ ይበልጣል።