ሳሪስ፣ «እትዬ ቤት»

ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የመጣሁት ለ3 ሳምንት ነበር። ስለ ሆቴሉና ስለ ሜትር ታክሲው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ታክሲው ሲጠሩት ይመጣል፣ አለቀ። የምጽፈው ሳሪስ ስላለች አንዲት ግሮሰሪ ነው። ውጭ ተወልዳችሁ ይህን ለምታነቡ፣ እኛ ጋ ግሮሰሪ ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን ሳታውቅ ወተት ልትገዛ ገብታ ጠጪውን ሁሉ በሳቅ ገድላዋለች።

ሳሪስ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ወደ አቦና ቃሊቲ ሲወርዱ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ መጋዘንና ከባድ መኪና ይበዛል። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ባቡር መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ከባቡሩ ወርዳችሁ፣ ጎሚስታውን አልፋችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ታፔላውን ፀሐይ በልቶት የሚነበበው «ባርና ሬስ» የሚለው ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ግን «እትዬ ቤት» ይለዋል።

መጀመሪያ የሄድኩት ረቡዕ ነበር። ጾም መሆኑን ረስቼ ጥብስ አዘዝኩ። የሥጋ ቤቱ መስኮት መጋረዱን እንኳ ልብ አላልኩም። አስተናጋጇ አልሳቀችብኝም፤ «ዛሬ ተጋቢኖ ብትበላ ይሻልሃል» ብላኝ ሄደች። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፤ እንጀራው ላይ ስትገለብጠውም መፍላቱን አላቆመም። አንድ ጉርሻ እንደቆረስኩ እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ብቻህን የምትበላው?»

መልስ ሳይጠብቁ ትሪዬን አንስተው ሦስት ሰዎች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ከየት መጣህ ያለኝ የለም። አንዱ ጠጋ አለልኝ፤ ሌላው እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ሥጋ ቆራጩ «ከሻኛው ነው ከታላቁ?» ሲለኝ እንደሚያውቅ ሰው «ከታላቅ» አልኩት። ሥጋው ምንም አይወጣለትም፤ አዋዜው ግን ቀጥኗል። እትዬ አጠገቤ ቆመው፣ «ድሮ በኪሎ ነበር የሚታዘዘው፤ አሁን ሩብ ለሦስት ነው» አሉኝ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንደኔ ዩሮ ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ነገር ይረክስለታል። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ግን አንዷን ጃምቦ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆዩዋት። ሒሳቡ ከሆቴል ቁርስ ያንሳል ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጮክ ብዬ የማልለውን እዚህ ማለቱ አሳፈረኝ። ለማንኛውም ይኸው፣ አልኩት።

ችግሩም አለ። ድራፍቱ ማታ 1 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው፤ መብራት የለውም፣ የስልካችሁን አብሩ። ስፒከሩ በሩ አጠገብ ስለሆነ እዚያ አትቀመጡ። ካርድ አይሠራም፤ ቴሌብር ወይም ጥሬ ብር ያዙ።

ድራፍቱ ሲያልቅ ወደ ጠርሙስ ዞርን። እዚያ ቤት ሒሳብ የሚሠራው በቆርኪ ነው፤ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ልሄድ ስነሳ ፊቴ አምስት ተደርድረዋል። በዚያው ሳምንት መሀል ከተማ አንድ ቤት ያልጠጣሁትን ሁለት ቢራ ሒሳቤ ላይ ጨምረውብኝ ስጨቃጨቅ ስላመሸሁ፣ አሁን ደግሞ ክርክር አልፈለግሁም፤ የአምስቱን ልከፍል ብር ቆጠርኩ። አስተናጋጇ አንዱን ቆርኪ በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ጎረቤቴ አሻገረችው።

«ይሄ የጋሼ ነው። አንተ አራት ነው የጠጣኸው።»