ለቀንድ አውጣ ማጥመጃ 2,400 ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ዘንድሮ ክረምት ቆስጣዬን ቀንድ አውጣ ጨረሰብኝ። ዛጎል ያለውም፣ ያ ዛጎል የሌለው የሚያሙለጨልጨውም። ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ሲታይ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። በዚህ ብስጭት ላይ እያለሁ ቴሌግራም ላይ «ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ማጥመጃ፣ ጓሮዎን 100 ፐርሰንት ያጸዳል» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። 4 ፍሬ 2,400 ብር። ዴሊቨሪ ለብቻው።

የመጣልኝ ጎኑ የተበሳ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ነው። አብሮት «ልዩ መሳቢያ ዱቄት» አለ። በውሃ በጥብጬ ሳሸተው ሽታው አዲስ አልሆነብኝም። እናቴ ደግሞ ገና ከሩቅ፣ «እርሾና ስኳር ነው እኮ፤ ስንት ገዛሽው?» አለች። ዋጋውን አልነገርኳትም።

የሚያናድደው፣ ነገሩ መሥራቱ ነው። ቀንድ አውጣ የእርሾ ሽታ ይስበዋል። ፈረንጆች ቢራ የሚያጠምዱለት ለዚህ ነው። እኛ ቤት ግን የጠላ አተላ አለ! አተላ ከሌለ ለብ ባለ ውሃ እርሾ፣ ስኳርና ትንሽ ዱቄት በጥብጡ። የእርጎ ጣሳ እስከ ግማሽ ሙሉና ቅበሩት። ጠርዙ ከአፈሩ 2 ሳንቲ ያህል ከፍ ይበል፤ አለዚያ ቀንድ አውጣ የሚበሉልን ጥንዚዛዎችም ይሰጥማሉ። ዝናብ እንዳያቀጥነው ከላይ ክፍተት ትታችሁ ክደኑት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቀይሩት፣ ሽታው አይጣል ነው። ደግሞ 100 ፐርሰንት የሚባለውን እርሱት። የሚመጣው በቅርብ ያለው ነው፤ ጠጥቶ የሚሄድም አለ። እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ማታ በባትሪ እየዞርኩ መልቀም ነው።

እስከዚህ ድረስ ተሸወድኩ ብዬ ልተወው እችል ነበር። ሻጩ ግን ሰማያዊ እንክብል በፌስታል መረቀልኝ። ስም የለው፣ መጠን የለው። ምንድን ነው ስለው፣ «ናቹራል ነው፣ ዝም ብለሽ በትኝው» አለኝ።

ለቀንድ አውጣ የሚሸጥ እንክብል ብዙ ጊዜ ሜታልዴሃይድ የሚባል መርዝ አለበት። ከእህል ጋር ስለሚሠራ ውሻ ምግብ መስሎት ይበላዋል። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንፈራግጠዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 መጨረሻ ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይበተን ከልክላለች። አይረን ፎስፌት የሚባል ጉዳቱ በጣም ያነሰ ዓይነትም አለ፤ ቀንድ አውጣው መብላት አቁሞ ተደብቆ ይሞታል። ግን እሱም ሰማያዊ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል በቀለም አይለይም። ያለ ጽሑፍ በፌስታል የመጣውን ማን ያውቃል? እኛ ግቢ ውሻም ዶሮም ትንንሽ ልጆችም አሉ። ውሻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከበላ፣ ምልክት እስኪያሳይ ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «እቃው ተከፍቷል» አለኝ። ደረሰኝ ስለው ብሎክ አደረገኝ። ቻናሉ አሁን በሌላ ስም መጥቷል፣ ፎቶዎቹ ግን ያው ናቸው።

እንክብሉ ድርብርብ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጧል። ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥለው ውሾች አሉ፤ ሽንት ቤት እንዳልደፋው ፈራሁ። የት እንደሚወገድ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።