አረንጓዴዋ ብልቃጥ ካሰች፣ ሰማያዊዋ ግን...

ቤተ ሙከራችን ባለፈው ወር ሁለት ብልቃጥ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ብናኝ፣ ገዛ። ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ተቀብለው በሚታይ ብርሃን የሚመልሱት ናቸው። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ጠብ አልፈልግም።

መጀመሪያ አረንጓዴዋ። የ980 ናኖ ሜትር ሌዘር አይታይም፣ ብልቃጧ ውስጥ ሲገባ ግን አረንጓዴ ክር ሆኖ ብቅ ይላል። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ያስቀኛል። ቅንጣቷ ውስጥ ያለው ይተርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር ፎቶኖቹን፣ ማለትም የብርሃን እሽጎቹን፣ እየለቀመ ኤርቢየም ለሚባለው ሌላ ንጥረ ነገር ያቀብላል፣ ኤርቢየም የሁለቱን ጉልበት ደምሮ አንድ ጠንካራ ፎቶን ይተፋል፣ በቃ ነገሩ ይኸው ነው። ለምስል ሥራ ወደድኳት። በተለመደው ማቅለሚያ ሰማያዊ ብርሃን ስታበሩ ሥጋው ራሱ አብሮ ያበራና ምስሉን ያበላሸዋል፤ በኢንፍራሬድ ግን ሥጋው ዝም ስለሚል ቅንጣቶቹ ብቻ ጥቁር ላይ ጎልተው ይታያሉ። ደግሞ ቢያበሩባቸው ቢያበሩባቸው አይደበዝዙም።

ሰማያዊዋን፣ ቱሊየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለባትን፣ የገዛናት ኒውሮን (የነርቭ ሕዋስ) ለመቀስቀስ ነበር። በ2018 የጃፓኑ ሪኬንና የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ቅንጣት አይጥ አንጎል ውስጥ ከትተው፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር (ፋይበር) ወደ ውስጥ ሳይሰኩ ከራስ ቅል ውጭ በኢንፍራሬድ ብቻ ጥልቅ ያሉ ኒውሮኖችን አስነሥተዋል። ሰማያዊው ብርሃን ቻናልሮዶፕሲን የሚባለውን፣ በጂን ኒውሮኑ ላይ የሚተከለውን ፕሮቲን ይከፍታል። ካታሎጉም ይህንኑ እያሳየ ነው የሚሸጠው።

የመጣልን ግን ኦሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት የለበሰ፣ ሳይክሎሄክሴን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ የተዘፈቀ ነገር ነው። ውሃ አይወድም፣ አንጎል ውስጥ ለመክተት ግን ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ልብሱን መቀየር የገዢው ዕዳ መሆኑን ካታሎጉ በደቂቅ ፊደል ጽፎታል። በመጀመሪያ ሙከራችን ሁሉም ተጓጉሎ ታች ዘቀጠ፣ ግማሹ ብልቃጥ እንዲሁ ቀረ። ሻጩን ብንጠይቅ “ውሃ ውስጥ የተዘጋጀው ለብቻው ይሸጣል” አለን፣ ጉድ እኮ ነው! በስንት መከራ ውሃ ውስጥ ያስገባነውም ብርሃኑ ቀነሰ፤ ለነገሩ ሰማያዊው ከሁለት በላይ ፎቶን ስለሚፈልግ ከመጀመሪያውም ደካማ ነው።

ጨረሩን ከፍ እናድርገው ብትሉ ደግሞ ውሃ የ980 ናኖ ሜትሩን ጨረር ስለሚመጥ ሥጋው ይሞቃል። ኒውሮኑን የቀሰቀሰው ብርሃኑ ይሁን ሙቀቱ ለመለየት፣ ቅንጣት ያልገባበትን እንስሳ በዚያው ሌዘር ሞክሩ። ኒዮዲሚየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት፣ በ808 ናኖ ሜትር ሌዘር የሚሠራ ዓይነት ካገኛችሁ ሙቀቱ ይቀንስላችኋል። የሌዘር መነጽር ከዋጋው ውስጥ የለም፣ ለብቻ ግዙ፣ ያለሱ እንዳትከፍቱት።

ለአረንጓዴዋ አምስት ኮከብ። ለሰማያዊዋ ሁለት፣ አንዱንም የሰጠሁት ብልቃጡ በደንብ ታሽጎ ስለመጣ ነው።