ተዳፋት ግቢ ላይ የሚነዳ የሣር ማጨጃ፦ የትኛው ይሻላል?

ጎጃም ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው የክረምትን ሣር ጠባይ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍነው ነሐሴ ሲገባ ጉልበት ይደርሳል። ትንሽ ግቢ በማጭድ ይገላገሉታል፤ ሎጅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ የተሠራ ሰፊ መኖሪያ ሲሆን ግን አጫጁ ዳር ሳይደርስ መነሻው ላይ ያለው መልሶ ያቆጠቁጣል። ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህትም «የትኛውን ልላክ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ችግሩ፣ የማሽኖቹ ማስታወቂያ ሁሉ የሚያሳየው ሜዳ መሆኑ ነው። የእኛ አገር ግቢ ደግሞ ባሕር ዳርንና ዙሪያዋን ከተውን በአብዛኛው ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ ጆሮዎን ይስጡት፣ ልብዎን ግን አይስጡት። ተዳፋት ላይ ዋናው ጥያቄ ማሽኑ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይታዘዛል ወይ የሚለው ነው። ከዚህ በታች ሦስት ዓይነት ማጨጃዎችን በዚህ መለኪያ አስተያያለሁ። አስቀድሞ ግን ግቢው ይለካ።

መጀመሪያ ዳገቱን ይለኩ

አብዛኞቹ አምራቾች በመመሪያቸው የሚያስቀምጡት ጣሪያ 15 ዲግሪ ነው። ዲግሪን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ከታች ሲያዩት ቀላል የመሰለ ተዳፋት ሲለኩት ሌላ ይሆናል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውሃ ልክ ይዘው በጣም ዳገታም ወደሆነው ቦታ ይሂዱ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት ያስነኩ፤ ሌላውን ጫፍ የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ድረስ ወደ ላይ ያንሡት። ከዚያ ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሜትር ይለኩ። 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 10 ዲግሪ ነው። 27 ከሆነ 15 ዲግሪ፣ 36 ከሆነ ደግሞ 20 ዲግሪ ነው።

ከ27 ሴንቲ ሜትር በላይ በሆነው ቦታ ላይ ከሦስቱ ማሽኖች አንዱንም አይንዱ። ያ ክፍል በእርከን ተቆርጦ ደሾ ሣር ቢተከልበት አፈሩን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል፤ ሲደርስ በማጭድ ይታጨዳል። የግቢው ስፋት ከ2,000 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከኋላው እየሄዱ የሚይዙት፣ ጎማው በሞተር የሚሽከረከር ማጨጃ ይበቃል። እሱን ተዳፋቱን አግድም እየሄዱ ያጭዱበታል፤ ሽቅብና ቁልቁል ከተነዳ እግር ሲንሸራተት ስለቱ ሥር የመግባት አደጋ አለው። ተቀምጠው በሚነዱት ላይ ሕጉ ይገለበጣል፦ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይኬድም፣ ምክንያቱም አግድም ሲሄዱ በጎን ይገለበጣል።

የፊት ሞተር ትራክተር

ሞተሩ ከፊት፣ ስለቱ ከሆዱ ሥር፣ የሚገፉት ጎማዎች ከኋላ ናቸው። መሪው የፊት ጎማዎችን ስለሚያዞር የኋላው ቢንሸራተት እንኳን አቅጣጫ የመያዝ ዕድል አለ። አሜሪካ ውስጥ ቀለል ያሉት 2,000 ዶላር ገደማ ይጀምራሉ፤ ለዳገት የሚሆኑት ከዚያ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። የዋጋው ልዩነት ያለው ወንበሩና ቀለሙ ላይ አይደለም፣ ከወንበሩ ሥር ነው።

ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሃይድሮስታቲክ የሚባል፣ ኃይልን በዘይት ግፊት የሚያስተላልፍ ካምቢዮ አላቸው። ፍሪሲዮንና ማርሽ የለም፤ ፔዳሉን ሲጫኑ ይሄዳል፣ እግር ሲያነሡ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የማርሽ ትራክተር ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሞተሩ መያዣ ስለሚለቅ ወደ ታች ይሮጣል። ነገር ግን ሃይድሮስታቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ቱፍ ቶርክ የሚባለው አምራች የሚሠራው ኬ46 የተባለው ካምቢዮ በርካታ የተለያየ ስም ባላቸው ርካሽ ትራክተሮች ውስጥ ይገኛል፣ የታሰበውም ለቀላል ሥራ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ዘይቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ግፊቱ ይሾልካል። ጠዋት ሽቅብ ሲምዘገዘግ የነበረው ማሽን ጥቂት ከሠራ በኋላ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሞተሩ 24 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም አይረዳውም፣ ጉልበቱ ጎማው ጋር አይደርስምና። እንደ ኬ66 ያሉት ከባድ ሥራ የሚችሉ ናቸው። ሻጩን የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ካምቢዮው ምንድን ነው?» ይሁን፤ የማያውቅ ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር ይዘው ራስዎ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው። ተራ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ኃይሉን ሁሉ ለሚንሸራተተው ይሰጣል፣ የሚይዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል፤ መቆለፊያው ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ ያደርጋል። በክረምት ጭቃ ላይ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የጆን ዲር ኤክስ500 ተከታታይ በእግር የሚረገጥ መቆለፊያ አለው፤ ከሀስኩቫርና ቲ.ኤስ. 354ኤክስዲም እንዲሁ። ኤክስ738 ደግሞ አራቱንም ጎማ የሚነዳ ነው፣ ዋጋው ግን ለመኖሪያ ግቢ ይከብዳል።

ዜሮ ተርን

በሁለት ማንሻ የሚነዳ፣ ባለበት የሚዞር፣ ከሦስቱ በጣም ፈጣኑ ነው። የፊት ጎማዎቹ እንደ ገበያ ጋሪ ትንንሽ ጎማዎች እንዳሻቸው የሚዞሩ ናቸው፤ መሪም ፍሬንም የሚሆኑት የኋላ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እርጥብ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ከተንሸራተተ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ማሽኑ አፍንጫው ወደዞረበት ይወርዳል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ማሽን ገዢ ይሆናል። ከብ ካዴት የፊት ጎማዎቹን በመሪ የሚያዞር ዜሮ ተርን ይሠራል፣ ያ ከሌሎቹ ይሻላል፤ እኔ ግን ለጣና ዳር ሜዳ ሎጅ እንጂ ለደብረ ማርቆስ ተዳፋት አልመክረውም።

ወገቡ የሚታጠፍ፣ በአራት ጎማ የሚነዳ

የስዊድኑ ሀስኩቫርና ራይደር የሚለው ዓይነት ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ስለቱ ከፊት ነው፤ መሪው ሲዞር ማሽኑ ከወገቡ ይታጠፋል። በአራት ጎማ የሚነዳ ሞዴሉን ነው የምለው፣ ለምሳሌ አር 316ቲኤክስን። ክብደቱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ አራቱም ጎማ ይይዛል፣ ስለቱ ከፊት ስለሆነ የሚያጭዱትን እያዩ ነው፣ ጌሾና ዘይቱን ሥር ያለውንም ሣር ጎንበስ ሳይሉ ያገኙታል። ተዳፋት ላይ በአነዳድ ጠባይ ከሦስቱ የሚወዳደረው የለም። የጣሊያኑ ስቲጋ ፓርክም ተመሳሳይ ሐሳብ ነው።

ሁለት ነገር ይቃወመዋል። አንደኛው ዋጋው ነው፤ መለዋወጫውም አገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ሁለተኛው የእኛን ኑሮ የሚመለከት ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ሣሩን አድቅቆ መልሶ ይበትናል እንጂ በከረጢት አይሰበስብም። ላም ላለው ቤት ሣር ቆሻሻ አይደለም። የኋላ ከረጢት የተገጠመለት ትራክተር የታጨደውን ለበረት ያደርሳል፤ ደቅቆ የታጨደ እርጥብ ሣር ግን ሲከመር ይሞቃልና በዚያው ቀን በስሱ ለከብቱ ይሰጠው። ድርቆሽ ለማድረቅ የሚፈልግ ሰው በማጭድ ይቀጥል፣ የማሽኑ ስለት አገዳውን ይቆራርጠዋል። ከረጢቱ ሲሞላ የማሽኑን ኋላ ስለሚያከብድና ሽቅብ ሲወጣ ፊቱን ስለሚያቀልል ዳገት ላይ ከግማሽ በላይ አይሙሉት።

ከፍታው የሚበላው ጉልበት

በካታሎግ ላይ የሚታየው የፈረስ ጉልበት የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ከ2,500 በላይ። ማለትም ደብረ ማርቆስ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር በእጅዎ ሲገባ 15 ገደማ ነው። ስለዚህ ለሜዳ 18 ይበቃል የተባለ ለእኛ ዳገት 22 ወይም 24 ይሁን። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ቀጭኑን አየር አይረዳውም፤ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሆንዳ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር የካርቡራተር ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፣ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

ተዳፋት ላይ የዘይት ነገርም አለ። በፓምፕ ግፊት የሚቀባና የዘይት ፊልትሮ ያለው ሞተር ሲያዘነብል በተሻለ ሁኔታ ይቀባል፤ በርጭት ብቻ የሚቀባው ላይ አይወራረዱ።

በባትሪ የሚሠሩት ከፍታ አይነካቸውም። ዳገት ግን ባትሪያቸውን ቶሎ ይጨርሳል፣ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ሣሩ አይጠብቅም። ከአሜሪካ የሚላክ ከሆነ ቻርጀሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጡ አያስጭኑ፤ የእኛ 220 ነው።

የትኛውን ለማን

ከ10 ዲግሪ በታች ለሆነ፣ ላም ላለው ቤት፦ ከባድ ካምቢዮ ያለው የፊት ሞተር ትራክተር፣ የማጨጃው ስፋት 107 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ የሰፋው ጉብታ ላይ ሣሩን ከሥሩ ይልጠዋል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ለሆነ ግቢ የዲፈረንሻል መቆለፊያ ግዴታ ነው፤ አቅም ካለና የማሽኑ መመሪያ ያንን ዳገት ከፈቀደ ግን በአራት ጎማ የሚነዳው ራይደር ይሁን። በቢቸና በኩል እንዳለው ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ 15 ዲግሪ የተባለው እንደ 20 ይቆጠር። ጤዛው የሚተነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ማጨድ የሚቻለው በመካከላቸው ነው። ጎማው ለሣር የተሠራው ለስላሳ ከሆነ በጭቃ ይሞላል፣ ጥርስ ያለውን ይምረጡ።

ማሽኑ ሲላክ አብረው እንዲመጡ የማደርጋቸው፦ ሁለት የማጨጃ ቺንጊያ፣ አንድ ሙሉ ስለት፣ የአየርና የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ። ኩሽኔታ ደብረ ማርቆስ ይገኛል፣ ብየዳም አለ፤ በልኩ የተሠራ ቺንጊያ ግን አይገኝም፣ እሱ ከተበጠሰ ማሽኑ ክረምቱን ሙሉ ይቆማል።

አገር ውስጥ ከገዙ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ስለቱን አጥፍተው ተዳፋት ላይ ይፈትኑት። በመጀመሪያ ዳገቱን ወደ ኋላ ይውጡ፤ ወደ ኋላ መውጣት ያቃተው ማሽን ያንን ቦታ ማጨድ የለበትም። ከዚያ ካምቢዮው እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱትና ይድገሙት። በመጨረሻም ቁልቁል መሐል ላይ አቁመው የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። አንድ ስንዝር ከተንሸራተተ ፍሬኑ ተስተካክሎ እስኪቀርብልዎ ድረስ ክፍያውን ያቆዩት።