ለቫርኒሽ ሥራ የገዛሁት ስሪኤም 6200 ጭምብል

የቤት ዕቃ እሠራለሁ፤ ቫርኒሹንም የምረጨው ራሴ ነኝ። ይህ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን፣ ግራና ቀኝ ካርትሪጅ (አየሩን የሚያጣራ ተለዋጭ ቆብ) የሚገጠምለት ግራጫ ጭምብል ዋጋው ቢቆነጥጥም ይገባዋል እላለሁ፤ ገዢው ሻጩን ብቻ ካላመነ።

መርካቶ ያገኘሁት ሻጭ መጀመሪያ ያቀረበልኝ 6300ን ነበር። «ጎማ ነው፣ ከማንም ፊት ጋር ይስማማል» አለኝ። አይስማማም። 6100 ትንሽ፣ 6200 መካከለኛ፣ 6300 ትልቅ ነው። እዚያው ባንኮኒው ፊት አጥልቄ፣ ማሰሪያውን በአናቴና በማጅራቴ አጥብቄ፣ የትንፋሽ መውጫውን በመዳፌ ደፍኜ በቀስታ ተነፈስኩ። አየሩ በአፍንጫዬ ጎንና ጎን ሽው ብሎ ወጣ። 6200ን ስሞክር ግን ጎማው በትንሹ ተነፋ እንጂ የትም አላሾለከም። ሻጩ ሳቀብኝ፤ ይስቅ፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዛሬም እንዲሁ ነው የማደርገው። ጢም ካለ ጎማው ቆዳ ላይ ስለማያርፍ የትኛውም ልክ አይረዳም። ረዳቴ ጢሜን አልላጭም ስላለ መርጫውን አላስነካውም።

ዋናው ጉዳይ ካርትሪጁ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ የሚያጠልቁት ኤን 95 የተባለው የአቧራ ጭምብል የእንጨት ብናኝ ይይዛል፤ የቲነርን ትነት ግን አያስቀርም። ለትነቱ ጥቁር ምልክት ያለውንና በከሰል የተሞላውን 6001 ገዛሁ፤ በላዩም 5ኤን11 የተባለውን ነጭ ማጣሪያ በ501 ክዳን ገጠምኩበት። ነጩ የቫርኒሹን ጠብታ፣ ከሰሉ ትነቱን ይይዛል። ሻጩ ማሸጊያው የተቀደደ ካርትሪጅ ሊሰጠኝ ሲል መለስኩለት፤ ከሰሉ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ ሲቀመጥም ይደክማልና። ነጩን መተንፈስ ሲከብደኝ እቀይረዋለሁ። ከሰሉን ግን «ሲሸተኝ እቀይራለሁ» ማለት አይሠራም፤ ሽታው ከተሰማ ትነቱ አልፎ ገብቷል። ስለዚህ እንደ ሥራዬ ብዛት ቀን ቆርጬ እለውጣለሁ፤ ሥራ ሳቆምም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አኖረዋለሁ።

ላብ ያጠራቅማል፣ ለመነጋገርም አይመችም፤ ይህ የየትኛውም የጎማ ጭምብል ዕዳ ነው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ግን በዚህ አልረጭም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል ሳይሸት አስም ሊያስይዝ ይችላል፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መሣሪያ ይሻላል።

ጎረቤቴ ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊጠርግ አስቦ «አውሰኝ» ብሎ መጣ። ጭምብሉ ያለውን አየር ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ መርዘኛ ጋዝ አለ፣ ኦክስጅኑም ሊያንስ ይችላል። ጨርሶ እንዳይገባ ነግሬ ብመልሰው ተቀየመኝ። እስካሁን ስስታም ሳይለኝ አይቀርም፤ ጉድጓዱን ግን መኪና መጥቶ ከላይ ሆኖ መጠጠው።