ሐዲዱ ግራሶ የጠጣ ሽጉጥ እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ እኔ የተበላሁትን እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው። በተለይ እንደ እኔ አሜሪካ ውስጥ በጥበቃ ሥራ የምትተዳደሩ፣ ያገለገለ ሽጉጥ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አደራ አንብቡት።

ባለፈው ጥቅምት ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ የጦር መሣሪያ ባዛር 1911 የሚባል ሞዴል ሽጉጥ ገዛሁ። ባለ 45 ጥይት ነው፣ ዋጋው 620 ዶላር። ሻጩ የላይኛውን ብረት፣ ማለትም ስናቀባብል ወደ ኋላ የሚሳበውን ስላይድ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ግራና ቀኝ ገፋልኝ። ፍንክች አላለም። «ይኸው፣ እንደ አዲስ ጥብቅ ነው» አለኝ። አመንኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

አብረውኝ የሚሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው የድሮ ወታደር አሉ። ቤቴ መጥተው ሳሳያቸው ከሁሉ በፊት ካዝናውን አወጡ። ስላይዱን ስበው ጥይት አለመጉረሱን በዓይናቸው አዩ፣ በጣታቸው ደግሞ ዳሰሱ። ከዚያ ፈቱት። ስላይዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ግራሶ እንደ ወፍራም ሽሮ ተጋግሯል።

«ጠርገህ አይተኸዋል ልጄ?»

«አላየሁም ጋሼ።»

በጨርቅ ጠርገው መልሰው ገጠሙት። ያ ፍንክች የማይል ስላይድ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ክፍተቱን ሞልቶ የያዘው ግራሶው ነበር።

አንድ ነገር ግን ላስረዳ። ስላይድ ትንሽ ስለተነቃነቀ ብቻ ሽጉጡ አይበላሽም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 1911ን ብዙ ፋብሪካዎች ነበር የሚያመርቱት፣ የጽሕፈት መኪና ይሠራ የነበረው ሬሚንግተን ራንድ ሳይቀር። የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም፣ ጭቃና አቧራም እንዳያስቆመው ክፍተት ይተዉለት ነበር። ግሎክ የሚባለው ሽጉጥም ፍሬሙ፣ ማለትም እጀታው ያለበት የታችኛው አካል፣ ፕላስቲክ ሆኖ ስላይዱ የሚሄደው በአራት አጫጭር ብረቶች ላይ ስለሆነ፣ አዲሱም ቢሆን ትንሽ ይነቃነቃል። ስለዚህ «ጥብቅ ነው» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

1911 ላይ ከዚህ የበለጠ መታየት ያለበት በርሜሉ ነው። ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ቀለህ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል የበርሜሉን ጀርባ በአውራ ጣታችሁ ወደ ታች ጫን በሉት። ወደ ታች ሰመጥ ብሎ ስትለቁት ተመልሶ ከወጣ አያያዙ ላልቷል፣ ጥይቱም አንድ ቦታ አያርፍም። የእኔው ሰመጠ። ከፊት ደግሞ በርሜሉ አፈሙዙ ጋ በሚይዘው ቀለበት ውስጥ ይወዛወዛል።

ሌላም የከፋ ነገር አገኘን። አንዳንድ ሰው የላላውን ለማጥበቅ ስላይዱን ሞርሳ ውስጥ ያስርና ይጨምቀዋል፣ የፍሬሙን ሐዲድ ደግሞ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። በሙያተኛ እጅ በልክ ሲሠራ የታወቀ ዘዴ ነው። በዘልማድ ሲሆን ግን የሚነካካው እዚህም እዚያም ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ተበልቶ ይላላል። ጋሼ ሐዲዱን ወደ መብራት አዘንብለው ትንንሽ የመዶሻ ጠባሳዎቹን አሳዩኝ። እንደ ፈንጣጣ ነው የሚመስለው። ከስላይድ ማቆሚያው ቀዳዳ በላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ስንጥቋን ሳይ 620 ዶላሩን ረሳሁት። ይህን ይዤ ሥራ ልገባ ነበር ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ሻጩ ጋ ስደውል «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩልህ» አለኝ። ደረሰኙ ላይም በደቃቅ ጽሑፍ እንደዚያው ይላል። ሳልፈርም ላነበው ይገባ ነበር።

እባካችሁ ጨርቅና ትንሽ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። እንድትፈቱት ፈቃድ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ የሰው ሽጉጥ አይፈታም። ግራሶውን ጠርጋችሁ እንደገና ወዝውዙት። ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ብታናውጡት አትታለሉ፣ የእጀታው መቆለፊያና ምላጩም ይንኳኳሉ። «መፍታት አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እለፉ።

የእኔውን ለሌላ ሰው አልሸጥኩትም። ሽጉጥ ጠጋኙ ፍሬሙ አይድንም ብሎኛል፣ እንደተፈታ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።