የባሕር ፍጥረታት መረጃ፦ ኦቢስ ወይስ ጂቢፍ?

ኦቢስ (OBIS) እና ጂቢፍ (GBIF) የትኛው ፍጥረት የትና መቼ እንደታየ የሚያሰባስቡ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች ናቸው። ከሁለቱም በነፃ ማውረድ ይቻላል። ልዩነቱ ሌላ ነው።

ጂቢፍ ሰፊ ነው፤ ከጉንዳን እስከ ዓሣ ነባሪ አለበት። ያወረዱት ፋይል የራሱ ዲኦአይ (DOI) የተባለ ቋሚ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው ጽሑፍ ላይ መጥቀስ ይቀላል። ይህን እወድለታለሁ።

ኦቢስ ባሕር ላይ ያተኩራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን ሥር ነው። ስሞችን ዎርምስ (WoRMS) ከተባለው የባሕር ፍጥረታት ስሞች መዝገብ ጋር ያመሳክራል። አንድ ዓሣ በድሮ ስሙ ተመዝግቦ ቢመጣ እንኳ ዛሬ ተቀባይነት ባለው ስሙ ሥር ይገባል። ከዚያ በላይ፣ የውሃው ሙቀትና ጨዋማነት፣ የእንስሳው ርዝመት ሳይቀር አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። «እዚህ ታየ» ብቻ ብሎ አያበቃም።

እኔ ለባሕር ሥራ መጀመሪያ የምከፍተው ኦቢስን ነው። እንደ ሳልሞን ወንዝ ተወልዶ ባሕር የሚያድግ ከሆነ ግን ጂቢፍ ይሻላል። ደግሞ ብዙ መዝገቦች ሁለቱም ጋ ስላሉ፣ ዝም ብሎ ደባልቆ መቁጠር ጉድ ይሠራል።